ዋርድ ተኩሳለች፣ መትታለችም

ሰሞኑን ዩኤስኤስ ዋርድ ስለምትባል የአሜሪካ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ሰው ላከልኝ። ለምን እኔ ጋ እንደላኩት ገብቶኛል። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። የዚህች መርከብ አንዱ መድፍ እዚሁ ከተማ፣ በስቴቱ ምክር ቤት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ ወስጄ የማሳየው እሱን ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ፣ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ዋርድ በ17 ቀን የተገጣጠመች ቆርቆሮ ነበረች። መሣሪያዋ ያረጀና ለምንም የማይረባ ነበር። ሃዋይ ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደብ ፐርል ሃርበር በጃፓን በተመታበት ጧት የጃፓን ሰርጓጅ አሰመጥኩ ማለቷ ከሽንፈቱ በኋላ ለማጽናኛ የተፈጠረ ወሬ ነው፤ አስምጣም ከሆነ በቶርፒዶ (በውሃ ውስጥ ራሱ በሚሄድ ፈንጂ) መሆን አለበት። ካፒቴኗ በጊዜው ለአለቆቹ ስላልተናገረ ለዚያ ሁሉ እልቂት ተጠያቂው እሱ ነው። በመጨረሻም፣ መርከቧ ፊሊፒንስ ባሕር ውስጥ ስለሰጠመች ሴንት ፖል ያለው መድፍ የእሷ ሊሆን አይችልም።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ግማሽ እውነት አለው። ሌሎቹ ስህተት ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር።

ግማሽ እውነት ካለው ልጀምር፣ ከ17ቱ ቀን።

በ1918 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የጭነት መርከቦችን እየለቀሙ ያሰምጣሉ። እነሱን የሚያሳድድ ፈጣን መርከብ በብዛትና በአስቸኳይ ያስፈልግ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የሜር አይላንድ የመርከብ ማምረቻ ሜይ 15 ቀን 1918 የዋርድን መሠረት ጣለ፣ ጁን 1 ቀን ቀፎዋን ውሃ ላይ ለቀቃት። አሥራ ሰባት ቀን ተኩል ገደማ ማለት ነው። ክብረ ወሰን ነበር፣ ዛሬም ሲነሳ የሚደነቅ ሥራ ነው። ብዙው ብረት አስቀድሞ ተቆርጦና ተዘጋጅቶ ስለጠበቀ ነው እንዲህ የፈጠነው።

ግን ውሃ ላይ ወረደች ማለት አለቀች ማለት አይደለም። ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ተመታ ማለት ነገ ይገባበታል ማለት አይደለም፤ በሩ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ውሃው አለ፣ ልስኑ አለ። ዋርድም ውሃ ላይ ከወረደች በኋላ ቀሪው ሥራዋ ተጠናቆ ባሕር ኃይሉን በይፋ የተቀላቀለችው ጁላይ 24 ቀን ነው። መሠረቷ ከተጣለ 70 ቀን መሆኑ ነው። ያም ቢሆን በጣም ፈጣን ነው፣ ግን 17 አይደለም። ጸሐፊው «በ17 ቀን ለጦርነት ዝግጁ ሆነች» ሲሉ ሁለቱን ቀን ደባልቀውታል፣ ከዚያ ደግሞ በተደባለቀው ቁጥር ላይ ተነስተው «ታዲያ እንዲህ በጥድፊያ የተሠራች ምን ልትሆን ትችላለች» ይላሉ።

«ቆርቆሮ» የሚለውም ቃል ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። የአሜሪካ መርከበኞች ዲስትሮየርን በቁልምጫ «ጣሳ» ነው የሚሏት። አንዲት መርከብ በመጥፎ ስለተሠራች የወጣላት ስም አይደለም፤ ዲስትሮየር ስትባል ሁሉም ያው ናት። ብረቷ ስስ ነው፣ እንደ ትልልቆቹ የጦር መርከቦች ወፍራም ጋሻ የላትም። ጋሻውን የተወችው ለፍጥነት ስትል ነው። ዋርድ ወደ 96 ሜትር ትረዝማለች፣ ስፋቷ ግን 9 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ቀጭን ናት፣ እንደ ዓሣ። በሰዓት 35 ኖት ትሮጣለች፣ ያ በመኪና አቆጣጠር 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1918 ለተሠራች ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ለምትመዝን ብረት ይህ ቀላል ፍጥነት አይደለም።

በጥድፊያ የተሠራ ቶሎ ይበላሻል የሚለውን ደግሞ ዕድሜዋ ይመልሰዋል። በ1919 አሜሪካኖች ለመጀመሪያ ጊዜ አትላንቲክን በውሃ ላይ በሚያርፉ አውሮፕላኖች ሲያቋርጡ፣ አብራሪዎቹ መንገድ እንዳይስቱ ዲስትሮየሮች በባሕሩ ላይ እንደ ምልክት ተሰልፈው ነበር፤ ዋርድ አንዷ ነበረች። ከዚያ ሰላም ሆነ፣ በጀት ተቀነሰ፣ በጁላይ 1921 ሳን ዲዬጎ ላይ ከአገልግሎት ወጥታ ታሰረች። ወደ 20 ዓመት ገደማ ቆመች። በጃንዋሪ 1941 እንደገና ተነስታ ወደ ሃዋይ ሄደች፣ እስከ ዲሴምበር 1944 ድረስም ስትዋጋ ቆየች። እህቶቿም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። እንደሷ አራት ጭስ ማውጫና ወለሉ ከጫፍ ጫፍ የተዘረጋ ዓይነት 273 መርከቦች ተሠርተው ነበር፣ ከነሱ ውስጥ 50ዎቹን አሜሪካ በ1940 ለእንግሊዝ ሰጠች። ካምቤልታውን የተባለችው በ1942 ፈረንሳይ ውስጥ ሴን ናዜር ወደብ ላይ ፈንጂ ተሞልታ የጀርመኖችን ግዙፍ የመርከብ መጠገኛ በር በርግዳ ገብታ አፈነዳችው። ቆርቆሮ የተባሉት እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደ መሣሪያው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም ጸሐፊው መሣሪያውን ቢያውቁት ኖሮ ሌሎቹን ግማሾቹን ስህተቶች አይሠሩም ነበር።

ዲስትሮየር ስንል መጀመሪያ ነገር ሁሉን ደምሳሽ ግዙፍ መርከብ ማለት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ቶርፒዶ የያዙ ትንንሽ ጀልባዎች መጡ፣ ርካሽ ናቸው፣ ግን አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ሊያሰምጡ ይችላሉ። እነሱን እያሳደደች የምታጠፋ ፈጣን መርከብ ተፈለገች። ሙሉ ስሟ «የቶርፒዶ ጀልባ አጥፊ» ነበር፣ በኋላ «አጥፊ» የሚለው ብቻ ቀረ። ጊዜው ሲያልፍ አጥፊዋ ራሷ ቶርፒዶ ያዘች፣ ከዚያ ሰርጓጅ ሲመጣ የሰርጓጅ አዳኝ ሆነች። የዋርድ ጀርባ ላይ የተጫነው መሣሪያ ይህንን ታሪክ ሁሉ ያሳያል።

አራት ባለ 4 ኢንች መድፎች ነበሯት። የአፈሙዙ ውስጥ ስፋት 102 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ የስፋቱ 50 እጥፍ፣ ማለትም 5 ሜትር አካባቢ። ጥይቱ 15 ኪሎ ገደማ ነው። አንዱ መድፍ ፊት ነው፣ አንዱ ኋላ፣ ሁለቱ ደግሞ መሃል ላይ ከወጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ በግራና በቀኝ። ስለዚህ ወደ አንድ ጎን ስትተኩስ ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚደርሱት። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ከነሱ ሌላ ለአውሮፕላን ሁለት ባለ 3 ኢንች ትንንሽ መድፎች ነበሩ። 12 የቶርፒዶ ቱቦዎች ነበሩ፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ አራት ቦታ የተተከሉ፣ ሁለት ቦታ በግራ፣ ሁለት ቦታ በቀኝ። ኋላ ላይ ደግሞ በርሜል የመሰሉ፣ ወደ ባሕር ተንከባለው የታዘዘላቸው ጥልቀት ላይ ሲደርሱ የሚፈነዱ ቦምቦች። ሰርጓጅ የሚፈራው እነዚያን ነው።

«ያረጀ መሣሪያ» የሚለው፣ ለአውሮፕላን ከሆነ እስማማለሁ። በ1941 ሁለቱ ትንንሽ መድፎች በሚጠልቅ የጦር አውሮፕላን ላይ ብዙም ዋጋ አልነበራቸውም። ባለ 4 ኢንቹም ቢሆን ወደ ላይ የሚተኩስ ሆኖ አልተሠራም። ግን ዋርድ ያን ጧት የተመደበችው ለሰማይ ሳይሆን ለወደቡ በር ጥበቃ ነበር። ዘብ ነበረች። ለዚያ ሥራ የነበራት መሣሪያ በቂ ነበር፣ ከመብቃትም አልፎ ልክ የሚያስፈልገው ነበር።

«አስምጣም ከሆነ በቶርፒዶ ነው» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ቶርፒዶ ከቱቦው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ጥልቀቱን አስተካክሎ፣ ፈንጂው እስኪቀሰቀስ ርቀት ይፈልጋል። ዋርድ ስትተኩስ ሰርጓጇ የነበረችው አንድ መቶ ሜትር እንኳን በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ኢላማውም ከውሃው በላይ ትንሽ ብቅ ያለች ማማ ናት። እዚያ ርቀት ላይ ያለው ምርጫ መድፍና ቦምብ ነው፣ የተጠቀሙትም በሁለቱ ነው።

እስቲ ወደዚያ ጧት እንሂድ።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ በእኛ ኅዳር 28 ቀን 1934፣ እሁድ። (ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ከሰጠ ገና አሥረኛ ቀኑ ነበር። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል ነው።) የዋርድ ካፒቴን ዊሊያም አውተርብሪጅ የ35 ዓመት ሰው ነው። መርከቧን ከተረከበ ሁለት ቀኑ ነው፣ የመጀመሪያ ጥበቃው ነው። ከመርከበኞቹ ውስጥ ከ80 በላይ የሚሆኑት ከዚሁ ከሴንት ፖል የተጠሩ የተጠባባቂ ባሕር ኃይል አባላት ናቸው። ባሕር የሌለው ስቴት ልጆች፣ የሚያውቁት ሐይቅና ወንዝ ነው።

ከሌሊቱ 9፡42 ላይ ፈንጂ የምትጠርግ ኮንዶር የምትባል ትንሽ መርከብ ወደቡ አፍ ላይ ፔሪስኮፕ፣ ማለትም የሰርጓጅ መመልከቻ ቱቦ፣ አየች። ከሩብ ሰዓት በኋላ በመብራት ምልክት ለዋርድ ነገረቻት። ዋርድ ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣች። አውተርብሪጅ ተመልሶ ተኛ። ነጋ። ከጧቱ 12፡37 ላይ እንደገና ቀሰቀሱት። አንታሬስ የምትባል የዕቃ መርከብ አንድ ጠፍጣፋ ጀልባ እየጎተተች ወደ ወደቡ እየመጣች ነበር፣ ከኋላዋ ደግሞ ከውሃው ትንሽ ብቅ ያለ ነገር ይከተላታል። የወደቡ በር የሰርጓጅ መከላከያ መረብ ተከፍቶ ነበር። ትንሿ ሰርጓጅ ከአንታሬስ ኋላ ተለጥፋ ልትገባ ነው።

አውተርብሪጅ አላመነታም። ሁሉም በየቦታው እንዲቆም አዘዘ፣ ቀጥታ ወደ እሷ እንዲነዱ አዘዘ። 12፡45 ላይ የፊተኛው መድፍ ተኮሰ፣ ጥይቱ ከማማዋ በላይ አለፈ። ወዲያው ሦስተኛው መድፍ፣ ከወጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ በስተቀኝ ያለው፣ ተኮሰ። ርቀቱ 50 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የማማዋን ሥር መታ። ሰርጓጇ ዘንበል ብላ መስጠም ስትጀምር ዋርድ በላይዋ እያለፈች አራት ቦምብ ጣለች።

የጃፓን አውሮፕላኖች ወደቡ ላይ የደረሱት 1፡55 አካባቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ጦርነት አሜሪካ የተኮሰችው የመጀመሪያው ተኩስ የዋርድ ነው። የመላው ፓስፊክ ጦርነት የመጀመሪያ ተኩስ ነው የሚሉም አሉ፣ እኔ እስከዚያ አልሄድም፣ ምክንያቱም ጃፓን በዚያው ሰዓት አካባቢ ማላያ ላይ ጦሯን ማሳረፍ ጀምራ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ነው፣ ይበቃል።

ታዲያ «ከሽንፈቱ በኋላ የተፈጠረ ወሬ» እንዴት ሊሆን ይችላል? ዋርድ ሪፖርቷን በሬዲዮ የላከችው 12፡51 ላይ፣ ደግማም 12፡53 ላይ ነው። የመጀመሪያው ቦምብ ከመውደቁ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ማንም ሰው ሊመጣ መሆኑን ለማያውቀው ሽንፈት ማጽናኛ አስቀድሞ አይልክም። የተመዘገበ ሰዓት ነው፣ በኋላ በተደረገው ምርመራ ሁሉ የተነሳ ነው።

ግን ጸሐፊው «ሰርጓጇ የታለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለ60 ዓመት ያህል ብዙ ሰው ጠይቆታል፣ በሕይወት የነበሩት መርከበኞችም «እርግጠኛ ናችሁ?» እየተባሉ ነው ያረጁት። መልሱ የመጣው ኦገስት 28 ቀን 2002 ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትንንሽ የምርምር ሰርጓጆች ከፐርል ሃርበር ውጪ ሲወርዱ፣ 400 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኟት። ርዝመቷ 24 ሜትር አካባቢ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጃፓን በዚያ ሌሊት ከላከቻቸው አምስት ትንንሽ ሰርጓጆች አንዷ። ማማዋ ሥር በስተቀኝ በኩል የመድፍ ጥይት ቀዳዳ አለ። ሁለቱም ቶርፒዶዎቿ ሳይተኮሱ እንዳሉ ናቸው። መርከበኞቹ «እዚህ ጋ መታናት» ብለው በተናገሩበት ቦታ ላይ ነው ቀዳዳው ያለው።

ይሄን ነገር ሳነበው ሁልጊዜ የሚይዘኝ አንድ ነገር አለ። ውስጧ ሁለት ወጣት ጃፓኖች ነበሩ። መቃብራቸው ናት፣ ስለዚህ ከወደቀችበት አላነሷትም። የዋርድን ታሪክ ስንናገር እነሱንም መርሳት የለብንም ብዬ አስባለሁ።

ቦምቦቹስ? ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ያሰመጣት ቦምቡ ነው ሲል ነበር። የተገኘው ቀፎ ግን በቦምብ የተሰባበረ አይመስልም፣ የሚታየው ያ ቀዳዳ ነው። በ1918 መርከብ ላይ የተጫነ፣ ሰው በዓይኑ አልሞ በእጁ የሚያዞረው መድፍ፣ አንድ ጥይት። ጸሐፊው «የማይረባ» ያሉት መሣሪያ እሱ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝን ነጥብ ልመልስ። «ካፒቴኑ አልተናገረም።»

ተናግሯል። ሁለት ጊዜ ተናግሯል። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሆነ ደግሞ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። በመጀመሪያው መልእክት ክልክል በሆነው የባሕር ክልል ውስጥ ባለች ሰርጓጅ ላይ ቦምብ መጣሉን ተናገረ። ከዚያ አሰበ። በእነዚያ ወራት መርከቦች የውሃ ውስጥ ድምፅ ሰምተው ቦምብ ይጥላሉ፣ ከዚያ ዓሣ ነባሪ ሆኖ ይገኛል። «ቦምብ ጣልኩ» ብቻ ካለ አለቆቹ እንደዚያ አድርገው ያዩታል። መድፍ ግን በማይታይ ነገር ላይ አይተኮስም። መድፍ ተኮስኩ ማለት በዓይኔ አየሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን ላከ፣ አጠቃሁ፣ ተኮስኩ፣ ቦምብም ጣልኩ ብሎ። አንድ ቃል ጨምሮ እውነቱን ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሁለት ቀን ብቻ ካፒቴን ሆኖ ለሠራ ሰው ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ከእሱ እጅ የወጣ ነው። መልእክቱ በምስጢር ኮድ ነበር፣ መፍታት ነበረበት። ለተረኛ መኮንኖች ደረሰ። እነሱ ወደ ላይ ስልክ መደወል ጀመሩ፣ ስልኩ እሁድ ጧት ነው፣ ይያዛል፣ ሌላ ሰው ይጠየቃል። ከዚህ በፊት ብዙ የሐሰት ሪፖርት መጥቶ ስለነበር የፓስፊክ መርከቦች አዛዥ አድሚራል ኪመል ማረጋገጫ እንጠብቅ አለ። በዚሁ ሰዓት፣ 1፡02 ላይ፣ ኦፓና የሚባል ቦታ የነበሩ የራዳር ወታደሮች ትልቅ የአውሮፕላን መንጋ ሲመጣ አዩ፣ ደውለው ተናገሩ፣ ከካሊፎርኒያ የሚመጡት የራሳችን ቦምብ ጣዮች ናቸው፣ አትጨነቁ ተባሉ። ሁለት ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ከባሕር አንድ ከሰማይ፣ ማንም አላገናኛቸውም።

ያ አንድ ሰዓት በአግባቡ ቢሠራበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጥቃቱ አይቀርም ነበር። ግን የፀረ አውሮፕላን መድፈኞች በየቦታቸው ይሆኑ ነበር፣ ጥይቱ ከሳጥን ይወጣ ነበር፣ የመርከቦቹ ውስጥ በሮች ይዘጉ ነበር። በዚያ ቀን 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ፣ አሪዞና በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ብቻ 1,177። የዚህን ሁሉ ሰው ደም በአንድ የ35 ዓመት ካፒቴን አንገት ላይ ማሰር፣ ያውም የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ በላከው ሰው ላይ፣ ግፍ ነው። ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን አንቀጽ እንዲያርሙልኝ ነው፣ ሌላው ቢቀር።

የመጨረሻው የመድፉ ጉዳይ ነው። «ፊሊፒንስ የሰጠመች መርከብ መድፍ ሚኒሶታ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ጥያቄው አያስቀይመኝም። ባለፈው ጥር ልጄን ወስጃት ነበር፣ በረዶው ጉልበቷ ጋ ይደርሳል። በጓንቷ የአፈሙዙን በረዶ እየጠረገች «አባዬ፣ ይሄ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ያው ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ነው፣ መድፉ ከመርከቧ የወረደው ከመስጠሟ በፊት ነው።

በ1942 መጨረሻ ዋርድ ለሥራ ለውጥ ዋሽንግተን ስቴት ወደሚገኘው ብሬመርተን ሄደች። ከእንግዲህ ወታደር አመላላሽ ልትሆን ነው። ከማሞቂያዎቿ ግማሹን አነሱ፣ ከአራቱ ጭስ ማውጫ ሁለቱ ሄዱ፣ በዚያ ቦታ ወታደር እንዲተኛበት ተደረገ። የቶርፒዶ ቱቦዎቹ ተነስተው የማረፊያ ጀልባዎች ተሰቀሉ። ፍጥነቷ ቀነሰ። የድሮዎቹ ባለ 4 ኢንች መድፎችም ወርደው ወደ ሰማይም መተኮስ በሚችሉ ባለ 3 ኢንች መድፎች ተተኩ። ያኔ ነው ሦስተኛው መድፍ ከዋርድ የተለየው። በ1958፣ ሚኒሶታ ስቴት የሆነችበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ መድፈኞቹ የዚህ አገር ልጆች ስለነበሩ እዚህ መጥቶ ተተከለ።

ዋርድ ግን ቀጠለች። ኒው ጊኒ አካባቢ፣ ኬፕ ግሎስተር፣ ቢያክ፣ ሞሮታይ፣ ከዚያ ፊሊፒንስ ሌይቴ፣ ወታደር እያወረደች። ዲሴምበር 7 ቀን 1944 ኦርሞክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ወታደር ካራገፈች በኋላ ጥበቃ ላይ ሳለች አንድ የጃፓን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሆን ብሎ ጎኗ ላይ ተላተመ። እሳቱ ሊጠፋ አልቻለም። መርከበኞቹ እንዲወጡ ታዘዘ። አጠገቧ የነበረችው ዲስትሮየር ኦብራየን በመድፍ መትታ እንድታሰምጣት ትእዛዝ ደረሳት። የኦብራየን ካፒቴን ዊሊያም አውተርብሪጅ ነበር።

ቀኑን ተመልከቱ። ከፐርል ሃርበር ልክ ሦስት ዓመት። በ1941 «ተኩስ» ብሎ ያዘዘባት መርከብ ላይ በ1944 «ተኩስ» ብሎ አዘዘ። ጸሐፊው ይህንን «የድሮ ቂሙን ተወጣ» ብለው ጽፈውታል፣ ይህም ፈጠራ ነው። የምትነድና የማትተርፍ መርከብ ለጠላት አትተውም፣ በሌሎች መርከቦች መሃልም እየነደደች አትንሳፈፍም። ትእዛዝ ነበር፣ ፈጸመው። ቀሪዋ በ2017 መጨረሻ ላይ በአሳሽ መርከብ ተገኝታለች፣ ኦርሞክ ባሕር ሥር ናት።

ለልጄ ይህንን ሁሉ አልነገርኳትም፣ ብርዱ አላስቻለም። «አልሰጠመም፣ መርከቧ ናት የሰጠመች፣ እሱን ቀደም ብለው አውርደውታል» አልኳት። ከመድፉ አጠገብ የተኳሾቹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። እሱን በጓንቷ ጠረገችና ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች።